እርሙን ያላወጣ ከተማ

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ከማደሪያችን መስኮት ወደ ሰሜን የተመለከተ ሰው እንጦጦን አያገኘውም። ተራራው ከነዛፉ በጢስ ተሸፍኖ ይውላል። ከየመንደሩ፣ ከየአጥሩ ሥር፣ ከየመንገዱ ዳር የቆሻሻ ክምር ይነዳል። ልጆች በእሳቱ ዙሪያ ይዘላሉ፤ እናቶች ነጠላቸውን በአፍንጫቸው ላይ ያጣጥፋሉ፤ አስም ያለበት ጓደኛችን ደግሞ በር ዘግቶ ብርድ ልብስ ይከናነባል። «ኅዳር ታጠነ» እንላለን፤ እንስቃለን፤ መስኮቱን ዘግተን ወደ ንባባችን እንመለሳለን።

ባለፈው ኅዳር አንድ ከገጠር የመጣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ይህን ጢስ ለመጀመሪያ ጊዜ አይቶ ኖሮ «ከተማው ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ጠየቀን። በክፍሉ ውስጥ ሰባት ነበርን። አንዱ «የወባ ትንኝ ለማባረር ነው» አለ። ሁለተኛው «የሚካኤል ሥርዐት ነው» አለ። ሦስተኛው «ቀበሌ ያዘዘው የጽዳት ቀን ነው» ብሎ በእርግጠኝነት ተናገረ። አራተኛው በሽታ እንደ ነበረ ሰምቶአል፤ ነገር ግን «በምኒልክ ዘመን» አለና ንጉሡ በሽታው ከመግባቱ አምስት ዓመት ያህል ቀደም ብለው ማረፋቸውን ዘነጋ። የቀረነው ሦስታችን ዝም አልን። እንግዲህ እኛ የአገሩ ምሁራን እንሆናለን ተብለን የምንጠበቀው ነን። በየዓመቱ ጢሱን እየዋጥን የማንን ተዝካር እንደምንበላ አናውቅም ማለት ነው። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣነው በዚያ ዝምታ ስላፈርን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1911 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1918 ማለት ነው፣ በዓለም ሁሉ የተዛመተው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባ ገባ። የጅቡቲው ባቡር ከተማችን ከደረሰ ገና አንድ ዓመቱ ነበረ። ከዚያ በፊት ከባሕር ጠረፍ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው መንገድ በጥቂት ቀን የሚያልቅ ሲሆን፣ ሸቀጡና መንገደኛው ብቻ ሳይሆን በሽታውም በዚያው ሐዲድ እንደ መጣ ይታመናል። ሥልጣኔ በአንድ ፉርጎ ጨርቅ፣ በሌላው ፉርጎ ሳል ይዞ መጣ ብንል ከእውነት አንርቅም። በሽታው ቀደም ብሎ በመጠኑ ቢታይም ክንዱን የዘረጋው በኅዳር ነው፤ ስሙም በዚያው ቀረ፤ የኅዳር በሽታ።

የአውሮፓ ጦርነት የቆመው ኅዳር 2 ቀን 1911 ዓ.ም. ነበረ። በዚያ በሌላው ዓለም ሰው ሰላም ሆነ ብሎ በአደባባይ ሲተቃቀፍ፣ በዚህ በእኛ ከተማ ሰው ከሰው ይሸሽ ነበር። በሽታው በመላው ዓለም 50 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ጨረሰ ይገመታል፤ ይህም በጦር ሜዳ ከወደቀው ወታደር እጅግ ይበልጣል። «የእስፓኝ በሽታ» የሚል ስም ቢወጣለትም መነሻው እስፓኝ አልነበረም፤ ተዋጊዎቹ መንግሥታት የወታደሩ ልብ እንዳይሸበር ብለው ጋዜጣቸውን አፍነው ሳለ፣ በጦርነቱ ያልገባችው እስፓኝ በግልጽ ስለ ጻፈች እርስዋ ስም ወጣባት። እውነት ተናጋሪ ስም ሲወጣበት ያን ጊዜ የመጀመሪያው አይደለም፤ የመጨረሻውም አልሆነም።

አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ሰው ሞተ? አንዳንዱ 9 ሺህ ያህል ይላል። በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽና እንደራሴ የነበሩት፣ በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት ራስ ተፈሪ፣ ራሳቸው በበሽታው ተይዘው ለሞት ከደረሱ በኋላ ድነዋል፤ በሕይወት ታሪካቸውም የሟቾቹን ቍጥር ከ10 ሺህ በላይ ያደርጉታል። የከተማው ሕዝብ 50 ሺህ ያህል ነበረ የሚለውን ግምት ከተቀበልን፣ ከአምስት ሰው አንዱ ማለት ነው። አሁን እስቲ በምግብ አዳራሽ ተሰልፋችሁ ስትቆሙ ቍጠሩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። አምስተኛውን ከሰልፉ አውጡት። ደግሞም ይህ በሽታ ከሌላው ጉንፋን የተለየበት ነገር ሕፃኑንና ሽማግሌውን ብቻ ሳይሆን ከ20 እስከ 40 ዓመት ያለውን ጐልማሳ ለይቶ መምታቱ ነው። በእኛ ዕድሜ ያለውን ማለታችን ነው።

ሐኪም በጣት የሚቈጠር ነበር፤ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ቢኖርም ለዚህን ያህል ሕመምተኛ ምን ሊሆን ይችላል? ቢኖርስ መድኃኒቱ ምን ነበር? ኢንፍሉዌንዛን የሚያመጣው ቫይረስ ከሰው ላይ ተለይቶ የታወቀው ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1933 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ነው። በ1911 ኅዳር የለንደንም ሐኪም፣ የጉለሌም ደብተራ በዚህ ነገር እኩል ጨለማ ውስጥ ነበሩ።

ከዚያ ዘመን የተረፉት ሰዎች የተናገሩትና የጻፉት ሁሉ በአንድ ነገር ይገናኛል። ገበያው ባዶ ሆነ፤ ሱቅ ተዘጋ፤ መሥሪያ ቤት ጸሓፊ አጣ። በአንድ ቤት ውስጥ ሁሉም ይተኛና ውሃ የሚያቀብል ይጠፋል፤ ከበሽታው ይልቅ በጥምና በረኃብ የሞተው ምን ያህል እንደ ሆነ ማን ያውቃል? መቃብር ቈፋሪ ስለ ታጣ ሬሳው በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ በስሱ አፈር ይለብሳል፤ ሌሊት ጅብ መጥቶ ያወጣዋል። ፍትሐት የለም፤ ካህኑም ተኝቷል። ለቅሶ የለም፤ አልቃሹም ተኝቷል። አባት ልጁን በጀርባው ተሸክሞ ወስዶ ቀብሮ ሲመለስ የሚስቱን ሬሳ ያገኛል። ከታሪክ ጸሓፊዎቻችን ወገን መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ያንን ጊዜ በዓይናቸው አይተው ጽፈውታል፤ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1975 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ስለዚሁ በሽታ ሰፊ ጥናት አውጥተዋል። ሁለቱም በቤተ መጻሕፍታችን መደርደሪያ ላይ ናቸው። አቧራቸውን ያራገፍነው እኛ ለዚህ ጽሑፍ ስንል ስለ ሆነ፣ በሌላ ላይ ጣት የምንቀስርበት አፍ የለንም።

እንግዲህ ጢሱ ከዚህ መጣ። ሕዝቡ በሽታው ከአየሩ፣ አየሩም ከቆሻሻው ነው ብሎ አስቦ፣ ከተማውን ሁሉ ጠርጎ አቃጠለ፤ ያቃጠለበትም ቀን ኅዳር 12 እንደ ነበረ ይነገራል። ልማዱ ከዚያ በፊትም ነበር የሚሉ ሽማግሎች አሉ፤ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አዲስ አበባ ኅዳርን የምታስታውሰው በዚያ በሽታ ነው። ይህን የሚሰማ የዘመኑ ተማሪ «አላዋቂነት» ብሎ ሊያላግጥ ይችል ይሆናል። እኛም መጀመሪያ እንዲሁ ብለን ነበር። በኋላ ግን አሰብነው። እናቶቻችን የወተት ዕቃውን በወይራ ጢስ ያጥኑታል፤ ክፉው ሽታ ይሄዳል፤ ወተቱም አይበላሽም። ወላድ ትታጠናለች። ጋኑ ይታጠናል። እንዲህ ያለ ሕዝብ ከተማው በሙሉ ሲታመም ከተማውን እንደ ወተት ዕቃ ቢያጥነው፣ በሚያውቀው ዕውቀት የሚችለውን ሁሉ አደረገ እንጂ ምን አጠፋ? እጁን አጣጥፎ አልጠበቀም። ደግሞም መጥረጉና መልቀሙ፣ ጢሱ ባይጠቅም እንኳ፣ በራሱ የሚነቀፍ ሥራ አልነበረም።

የሚያስነቅፈው የእኛ ነው። በ1911 የተቃጠለው ቆሻሻ ገለባ፣ ቅጠል፣ የከብት እበት፣ የእንጨት ፍቅፋቂ ነበረ። ዛሬ የሚነደው ፌስታል፣ የውሃ ጠርሙስ፣ አሮጌ ጐማ፣ የተቀደደ ጫማ ነው። የዚህ ጢስ ሳምባን ከመጕዳት በቀር የሚያባርረው በሽታ የለም። የሳምባ በሽታ የገደላቸውን ሰዎች ሳምባ በሚያሳምም ጢስ ማስታወስ ምን ዐይነት ዝክር ነው? ስለዚህ የከተማው ሹማምንትና የአካባቢ ጥበቃ ሰዎች ከቅርብ ዓመታት ወዲህ «አታቃጥሉ፤ አጽዱ» እያሉ ማሳሰባቸውን አንቃወምም። እንዲያውም እንደግፋለን። የቆሻሻን ነገር ይህ ከተማ በቀልድ ሊያየው አይገባውም፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ቀብሯል።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ አለን። ጢሱ ሲቀር ምን ይተካዋል? አሁን ያለው ሐሳብ «አታቃጥሉ» በሚለው ቃል ያበቃል። ያ ጢስ ጎጂም ቢሆን፣ ምክንያቱ የተረሳም ቢሆን፣ ለነዚያ 10 ሺህ ሰዎች በዚህ ከተማ ውስጥ የቀረላቸው ብቸኛ መታሰቢያ ነው። ስማቸው የተጻፈበት ድንጋይ የለም። የሚነበብ ዝርዝር የለም። የሚደወል ደወል የለም። እሳቱ ጠፍቶ ምክንያቱም ከተረሳ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪው የሚጠይቀው ጥያቄ እንኳ አይኖርም።

ከዩኒቨርሲቲያችን በር ወጥተን ስድስት ኪሎ አደባባይ ላይ ስንደርስ የየካቲት 12 ሐውልት ቆሟል። በ1929 ዓ.ም. የግራዚያኒ ሰዎች በሦስት ቀን ውስጥ የጨፈጨፉትን፣ በአገራችን ቈጠራ እስከ 30 ሺህ የሚደርስ ሕዝብ ለማሰብ የቆመ ነው። በየዓመቱ አርበኞች አባቶች መጥተው የአበባ ጕንጕን ያኖራሉ፤ እኛም ከአጥር ውስጥ ሆነን እናያለን። ይህ ተገቢ ነው፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን በዚያው ሐውልት ሥር ተቀምጠን ስንጨዋወት ከመካከላችን አንዱ እንዲህ አለ፤ «በጥይት የሞተ ድንጋይ ይቆምለታል፤ በሳል የሞተ ግን ጢስ ብቻ።» ነገሩ አሳሰበን። ለምን? መልሱ አስቸጋሪ አይደለም። ጠላት የገደለው ሰው ሲታሰብ ጠላት አብሮ ይወገዛል፤ ለተናጋሪውም ኵራት አለው። በሽታ የገደለው ሰው ሲታሰብ ግን የሚወገዝ የለም፤ ይልቁንም የማይመቹ ጥያቄዎች ይነሣሉ። ሐኪም ለምን አልነበረም? ውሃ ለምን አልነበረም? ቤቱ ለምን ጠበበ? የሞተውስ በየትኛው ሰፈር በዛ? እነዚህ ጥያቄዎች ደግሞ በ1911 ብቻ የሚቀሩ አይደሉም።

ሌሎች ከተሞች ምን አደረጉ? አንድ የሚያስደንቅ ነገር አግኝተናል። ቬኒስ የምትባለው የኢጣልያ ከተማ በ1630 እና በ1631 እ.ኤ.አ. በገባባት ቸነፈር ከሕዝቧ ሲሶ ያህሉን አጣች። የከተማው ሸንጎ በሽታው ቢቆምልን ቤተ ክርስቲያን እንሠራለን ብሎ ተሳለ፤ በስለቱም መሠረት የሳሉቴ ማርያም የምትባለውን ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አቆመ፤ ሥራው የተፈጸመው በ1687 ነው። እስከ ዛሬ ድረስ በየዓመቱ በታላቁ ቦይ ላይ ጊዜያዊ ድልድይ ይዘረጋል፤ ሕዝቡ በዚያ ላይ ተሻግሮ ሻማ ያበራል፤ የደረቀ የበግ ሥጋ ወጥ ይበላል። አራት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው፤ አልተዉትም። ቀኑስ መቼ ነው? ኖቬምበር 21። በእኛ በአብዛኛው ዓመት ኅዳር 12 ማለት ነው! ሁለት ከተሞች ሳይተዋወቁ በአንድ ቀን የቸነፈር ሙታናቸውን ያስባሉ፤ አንዱ በሻማ፣ ሌላው በፌስታል ጢስ። ቬኒስ ሀብታም ስለ ነበረች ነው የሚል ቢኖር፣ ሻማና ድልድዩን እንጂ እብነ በረዱን አናወሳም ብለን እንመልሳለን።

በእኛ ዘመን የሆነውንም እንይ። በኮሮና ጊዜ፣ በማርች 18 ቀን 2020 እ.ኤ.አ.፣ ቤርጋሞ ከሚባለው ከተማ የወታደር ካሚዮኖች ተሰልፈው ሬሳ ሣጥን ጭነው ሲወጡ ዓለም ሁሉ አይቶ ደነገጠ፤ የከተማው መቃብር ሞልቶ ነበርና። ኢጣልያ ያንን ቀን በሕግ የሙታኑ መታሰቢያ አደረገችው። በለንደን ደግሞ ከፓርላማው ማዶ፣ በቴምስ ወንዝ ዳር ባለው ረጅም ግንብ ላይ፣ የሟች ዘመዶችና በጎ ፈቃደኞች በ2021 እ.ኤ.አ. ለእያንዳንዱ ሟች አንድ ቀይ ልብ ይስሉ ጀመር። መንግሥት ያዘዘው አልነበረም። ቀለምና ብሩሽ ይዘው የመጡ ኀዘንተኞች የሠሩት ነው። የፓርላማው ሰዎች በመስኮታቸው በኩል ያዩታል፤ ከሁሉ የወደድነውም ይህን ነው።

ወደ ራሳችን እንመለስ። ኮሮና ወደ አገራችን መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ያን ጊዜ እኛ ገና የታችኛው ትምህርት ቤት ልጆች ነበርን። ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ እንዴት በአንድ ሌሊት እንደ ተወደደ፣ በየሱቁ በር የእጅ መታጠቢያ ባልዲ እንዴት እንደ ተሰቀለ እናስታውሳለን። ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጣል ተባለ። ቴሌቪዥን ያለው ተማረ። ከመካከላችን ግን ቤቱ መብራት ያልገባለት ነበር፤ ከብት ጥበቃ የሄደ ነበር፤ በክፍል አብራን ትበልጠን የነበረች፣ በዚያ ዓመት ተድራ ያልተመለሰች ልጅ ነበረች። ይህም መከራ ነው፤ ከሞት ቍጥር ጋራ አይጻፍም እንጂ።

የሚሌኒየም አዳራሽ፣ ዘፈን የምናውቅበት ያ ሰፊ ቤት፣ አልጋ ተደርድሮበት የሕሙማን ማቆያ ሆነ። የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ ተለየ። በመንግሥት መዝገብ በአገሪቱ የሞተው ከ7 ሺህ 500 በላይ ነው። ያልተመረመረ ያልተመዘገበው በዚህ ውስጥ እንደማይገባ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

አንዲት የክፍላችን ልጅ የነገረችንን በፈቃድዋ እንጽፋለን። ያሳደገቻት አክስትዋ በዚያ ክረምት ታመመች። ወደ አንድ ሕክምና ቤት ወሰዷት፤ ከበር ላይ ተቀበሏት፤ ከዚያ ወዲያ አላዩአትም። በአራተኛው ቀን ስልክ ተደወለ። ቀብሩ ላይ ከሩቅ እንዲቆሙ ተነገራቸው፤ ነጭ ፕላስቲክ የለበሱ ሰዎች፣ ፊታቸው የማይታይ፣ ሣጥኑን አውርደው ሄዱ። ዕድሩ ድንኳን አልጣለም፤ ተከልክሏልና። ጎረቤት አልመጣም፤ ፈርቷልና። ቡና አልተፈላም። ሠልስት የለም። አርባው ሲደርስ እናትዋ ለብቻዋ ዳቦ ጋግራ፣ ለብቻዋ ቈርሳ አለቀሰች። «እስከ ዛሬ ድረስ» አለችን ልጂቱ፣ «እርሜን አላወጣሁም። ስልኳን ከስልኬ ውስጥ አላጠፋሁትም።»

እርም ማውጣት የሚለውን ነገር ለኢትዮጵያ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ሬሳ ያላየ፣ አፈር ያላለበሰ፣ ከወገኑ ጋራ ሆኖ ያላለቀሰ ሰው እርሙ በላዩ ላይ አለ። እንጀራው አይጣፍጠውም። በ1911 የነበረው ሕዝብ እርሙን አላወጣም፤ ጊዜም ጉልበትም አልነበረውም። በ2012 እና በ2013 የነበረውም አላወጣም፤ ተከልክሎ ነበርና። ክልከላው ስሕተት ነበር አንልም፤ በዚያን ሰዓት ለቅሶ ቤት ሄዶ ሌላ ለቅሶ ይዞ መመለስ ነበር። ነገር ግን አደጋው ካለፈ በኋላ «አሁን ኑና አብረን እናልቅስ» ያለን ማን ነው? ከተማው ሱቁን ከፈተ፤ ታክሲው ሞላ፤ ጭንብሉ ተጣለ፤ በዚያው ላይ ሌላ መከራና ጦርነት ተደረበ፤ ነገሩም ተዳፈነ።

ይህን ሐሳብ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ስናነሣ የተቃወሙን ጓደኞች ነበሩ። ለመቃወማቸው ክብር አለን፤ ከንቱ ነገር አላሉምና። አንዱ «የሞተው ሞቷል፤ በሕይወት ያለው ዳቦ ይፈልጋል፤ ሐውልት ለማቆም የሚወጣው ገንዘብ ለክሊኒክ ይዋል» አለ። እኛ ሐውልት ይቁም አላልንም። ድንጋይ በድንጋይ ላይ መከመር ለዚህ ከተማ አዲስ አይደለም። የምንለው ቍጥሩና ስሙ ይታወቅ ነው። ደግሞስ የሞተውን ያልቈጠረ ከተማ ስንት ክሊኒክ እንደሚያስፈልገው በምን ያውቃል? የልደትና የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ነው፤ ገናም ብዙ ሞት ሳይጻፍ ያልፋል። ከዚያ በፊት ሰው የሚሞትበትን ነገር ለማወቅ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየመቃብሩ ቦታ የቀብሩን ቍጥር ማስመዝገብ ግድ ሆኖባቸዋል። ሕያዋንን ለመርዳት ወደ መቃብር መሄድ ነበረባቸው።

ሌላው ተቃዋሚ «ኅዳር 12 የቤተ ክርስቲያን በዓል ነው፤ የሁሉ ቀን ሊሆን አይችልም» አለ። ይህ ከበድ ያለ ነው። የኅዳር በሽታ የእስላሙን ቤት አልዘለለም፤ በከተማው ይኖር የነበረውን ግሪክና አርመን፣ ሕንድና የመን አልለየም። ስለዚህ በዓሉን ለባለ በዓሉ እንተውና፣ ቀኑ ግን የከተማው መጥረጊያ ቀን ሆኖ ይቈይ እንላለን። መጥረጊያ ሃይማኖት የለውም። ስም መጻፍም እንዲሁ።

በተግባር የምናስበው ይህ ነው። የ1911 ሙታን ስም በብዛት አይገኝም፤ የሚያስታውሱአቸው ሁሉ አልፈዋል። ቢሆንም በየደብሩ ያለ መዝገብ፣ በአንዳንድ ቤተሰብ የዳዊት ገጽ ኅዳግ ላይ የተጻፈ የሞት ቀን፣ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የወረደ ወሬ አለ። የታሪክ ክፍል ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ርእስ አጣን እያሉ በየዓመቱ ያንኑ ከሚመላልሱ፣ አንድ ደብር፣ አንድ ሰፈር ይያዙ። የኮሮናው ግን ገና ትኩስ ነው። በዚህ ከተማ ከሁሉ የታመነው የሞት መዝገብ የዕድር ደብተር ነው፤ ማን በየትኛው ቀን እንደ ሞተ፣ ድንኳን ተጥሎለት እንደ ሆነ እንዳልሆነ የዕድሩ ጸሓፊ ጽፎታል። ከመካከላችን አባቱ ወይም አጎቱ የዕድር ዳኛ ያልሆነ ስንት ነው? ሄደን በትሕትና ብንጠይቅ፣ ቤተሰቡም ቢፈቅድ፣ ስሙን መገልበጥ እንችላለን።

ኅዳር 12 ሲደርስ ደግሞ ክብሪት ሳይሆን መጥረጊያና ማዳበሪያ ከረጢት ይዘን ከስድስት ኪሎ እስከ አራት ኪሎ ያለውን መንገድና የወንዙን ዳር እንጠርጋለን። ማታ ላይ በግቢው ሜዳ ተሰብስበን የተገኘውን ስም ሁሉ ጮክ ብለን እናነባለን። ድምፅ ማጉያ ባይፈቀድልንም እናነባለን። ቡና ይፈላል፤ ዕጣን በማጨሻ ላይ ይጨሳል፤ ይህን ያህል ጢስ አስመኛው ጓደኛችንም እችላለሁ ብሏል። በ2012 ድንኳን ያልተጣለለት ቤተሰብ ሁሉ እንዲመጣ በዚህች መጽሔት ጠርተናል።

የክፍላችን ልጅ የአክስትዋን ስም የመጀመሪያ አድርጋ ጽፋለች። ደብተሩ በማኅበሩ ቢሮ፣ ከበሩ በስተቀኝ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው። የምትጽፉ ሁሉ የሟቹን ስም፣ ሰፈሩን፣ የሞተበትን ወር ጻፉ፤ ወሩን የማታውቁ ክረምት ወይም በጋ በሉ። እስክሪብቶው በሲባጎ ታስሯል፤ መጀመሪያ ያስቀመጥነው በሁለተኛው ቀን ጠፍቶብን ነው።